እግሬ አሁንም ፍሬን ይፈልጋል

ጥያቄ

ውድ አማካሪ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በመኪና ስንጓዝ ከፊታችን የነበረ የጭነት መኪና በድንገት ቆመ። የምትነዳው እሷ ነበረች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ገጨነው። እሷ እጇ ተሰብሮ ዳነች። እኔ ከትንሽ ጭረት በቀር ምንም አልሆንኩም።

እሷ "አውጪኝ፣ በሩን ክፈቺው" እያለች ስትጮህ እኔ ቁጭ ብዬ ነበር። ድምጿ ይሰማኛል። እጄን ማንሳት ግን አልቻልኩም። ቀበቶዬን እንኳ አልፈታሁም። ሰዎች መጥተው ነው ያወጡን። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። እኔ ግን ራሴን ይቅር ማለት አቃተኝ።

ለአንድ ዓመት ያህል ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ጥሩ ሰው ነው። አሁን ታሪኩን እንደ ዜና አንባቢ፣ ሳላለቅስ መናገር እችላለሁ። ሰውነቴ ግን አልሰማም። መኪና ውስጥ ስገባ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። እጄ ይቀዘቅዛል። ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይረግጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥርሴን ነክሼ እነቃለሁ። በር በኃይል ሲዘጋ ክው እላለሁ። ደህና የምሆነው የልጄን ፀጉር ሳበጥር ብቻ ነው (እሱ እንኳ የሚወራ ነገር አይደለም)።

ባለቤቴ "ሁለት ዓመት ሆነው እኮ፣ እርሺው" ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ "ትራውማው፣ የአደጋው ቁስል፣ ጡንቻሽ ውስጥ ተቀምጧል፣ መውጣት አለበት" ብላ አንድ የአተነፋፈስ ሥልጠና ወሰደችኝ። ጋደም በሉ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በጥልቀትና በፍጥነት ተንፍሱ ተባልን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ ደነዘዙ። የምሞት መሰለኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ሌሎቹ ሁሉ ችለውታል። በሰውነት በኩል መዳን የሚባለው ነገር እውነት ነው? ወይስ የማልድነው እኔ ነኝ?

ፍሬን ፈላጊዋ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የደገምኩት አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው። አደጋው በደረሰ ሰዓት ቁጭ ብዬ ቀረሁ ትያለሽ። ዝቅ ብለሽ ደግሞ ዛሬም መኪና ውስጥ ስትገቢ ቀኝ እግርሽ ወለሉን እንደሚረግጥ ጽፈሻል። የምትነዳው ባልደረባሽ ነበረች። አንቺ በተቀመጥሽበት በኩል ፍሬን የለም። ታዲያ እግርሽ ምን ፍለጋ ነው የሚረግጠው?

አብሬሽ አልነበርኩም፣ ስለዚህ እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። ግን እግርሽ ያን ቀንም ረግጦ ነበር ብዬ እገምታለሁ። የጭነት መኪናው ሲቆም አየሽ። በሌለ ፍሬን መኪናውን ለማቆም ሞከርሽ። ባልደረባሽንም ራስሽንም ለማዳን መጀመሪያ ያደረግሽው እሱን ነው። እጅሽ እምቢ ያለሽ ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሌላው ሁሉ የከበደሽ እሱ መሰለኝ። አደጋ ሲመጣ ሰውነት እኛን አያማክርም። አሚግዳላ የሚባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል የማንቂያ ደወሉን ይደውላል። አድሬናሊን ይለቀቃል። ልብ ይመታል፣ ደም ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል። ይሄ ለመሸሽ ወይም ለመታገል የሚደረግ ዝግጅት ነው። ሁለቱም የማይሆኑ ሲመስለው ግን ሰውነት ሦስተኛ መንገድ አለው። ድርቅ ይላል። ዓይን ያያል፣ ጆሮ ይሰማል፣ እጅና እግር ግን አይታዘዝም። በእንስሳትም በሰውም የታወቀ ነገር ነው። የሚሆነውም ገና ማሰብ ሳንጀምር ነው። ድምጿ ይሰማኝ ነበር ያልሽው ትዝ ይበልሽ። ጆሮሽ እሷው ጋ ነበር። እጅሽን የያዘው የአንቺ ክፋት ወይም ፍርሃት አይደለም።

ይህን አንብበሽ ብቻ ጥፋተኝነቱ እንደማይለቅሽ አውቃለሁ። ለአንድ ዓመት ስታወሪው ከርመሽ ትከሻሽ ካልሰማ፣ የእኔን ሁለት አንቀጽ ሰምቶ አይወርድም። ጥያቄሽም እዚሁ ላይ ነው።

ጓደኛሽ ግማሽ እውነት ነግራሻለች። ጡንቻ እንደ ሳጥን ትዝታ አያስቀምጥም። አንድ ቀን ተጨምቆ ወይም ተራግፎ የሚወጣ ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ያልበረደው ዝግጁነትሽ ነው። አንጎልና የነርቭ ሥርዓትሽ "አደጋው አላለቀም" የሚለውን ትእዛዝ እየደጋገሙ ያስተላልፋሉ፤ ትከሻ፣ መንጋጋና እግር ደግሞ ይፈጽማሉ። ቀንና ዓመተ ምሕረት የሚያውቀው የአንጎል ክፍል ሁለት ዓመት እንደሆነው ያውቃል። ደወሉን የሚደውለው ክፍል ግን ቀን አይቆጥርም። ስለዚህ በቃል ብቻ "አልፏል" ብትዪው ላይሰማ ይችላል። እሱ በደንብ የሚሰማው ከሰውነት የሚመጣለትን ወሬ ነው። የእግርሽን ክብደት፣ የእጅሽን ሙቀት፣ የትንፋሽሽን ርዝመት። በሰውነት በኩል የሚሰጠው ሕክምና የተነሳው ከዚህ ነው።

እውነት ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ግን ሁሉም እኩል አልተፈተነም። ትራውማ ከደረሰ በኋላ የሚቆየው ጭንቀት በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ በራሱ ስም የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ቶሎ መደንገጥና እንቅልፍ ማጣት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በምልክቶቹ መካከል ተጽፈዋል። ከሌላው የተሻለ ማስረጃ ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ኢ.ኤም.ዲ.አር የሚባለው ነው። ትዝታውን በልብሽ ይዘሽ ወዲያና ወዲህ የሚሄደውን የባለሙያውን ጣት በዓይንሽ ትከተያለሽ። ፍራንሲን ሻፒሮ የጀመረችው ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ለዚህ ችግር ከሚመክራቸው ሕክምናዎች አንዱ አድርጎታል። ሌላው ላለመረበሽ ብለው የሚሸሹትን ነገር ቀስ በቀስ መቅረብን የሚያስተምረው የንግግር ሕክምና ነው።

ዮጋም ተሞክሯል። ቤሰል ቫን ደር ኮልክ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው ጥናት 64 ሴቶችን የያዘ ነበር። ሁሉም በሕክምና ያልተሻላቸው ነበሩ። ገሚሶቹ ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለትራውማ ተብሎ የተዘጋጀ ዮጋ ሠሩ። የቀሩት ለዚያው ያህል ጊዜ የጤና ትምህርት ተማሩ። በመጨረሻ ዮጋ ከሠሩት ከግማሽ የሚበልጡት የሕመሙን መስፈርት አላሟሉም። ከተማሩት እንዲህ የሆኑት ከአምስት አንዷ ያህል ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን ደስ ይላል። ፒተር ሌቪን የጀመረው ሶማቲክ ኤክስፒሪየንሲንግ የሚባልም አለ። ታሪኩን ከማስተረክ ይልቅ ሰውነት ውስጥ ያለውን ስሜት በጥቂት በጥቂቱ ማስተዋልን ያስተምራል። አካሄዱን እወደዋለሁ። ማስረጃው ግን ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ "በአንድ ቀን ትራውማሽን ከሰውነትሽ አወጣልሻለሁ" የሚልሽ ካለ፣ እህቴ፣ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ።

ወደዚያ የትንፋሽ ሥልጠና እንመለስ። በፍጥነትና በጥልቀት ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን ከልክ በላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ጣት ይደነዝዛል፣ ከንፈር ይነዝራል፣ ራስ ይዞራል። ይሄ አደጋ ደርሶበት በማያውቅ ሰው ላይም ይደርሳል። አንቺ ደግሞ ልብሽ ሲመታና ትንፋሽሽ ሲፈጥን የሚያስታውስሽ አንድ ቀን አለ። በዚያ ላይ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ በጀርባሽ ተኝተሽ፣ በማታውቂያቸው ሰዎች መካከል ነበርሽ። ደወሉ ባይደወል ነበር የሚገርመኝ። ጫማሽን ይዘሽ መውጣትሽንም እንደ ውድቀት አትቁጠሪው። በዚያች መኪና ውስጥ ሰውነትሽ እምቢ አለሽ። እዚህ ግን መውጣት ፈለግሽ፣ እግርሽም ይዞሽ ወጣ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ይህን ለብቻው እጽፈው ነበር።

አሁን ወደ ቅንፉ ልምጣ። የልጅሽን ፀጉር ስታበጥሪ ደህና እንደምትሆኚ ጽፈሽ፣ "የሚወራ ነገር አይደለም" ብለሽ ዘጋሽው። በደብዳቤሽ ውስጥ ደህና ቦታ ብለሽ ያነሳሽው እሱን ብቻ ነው። እስቲ ልጠይቅሽ። ስታበጥሪያት ትከሻሽ የት ነው ያለው? እጅሽ ይሞቃል? ትንፋሽሽ ረዘም ይላል? እሷ ከፊትሽ ተቀምጣ ጀርባዋ ጉልበትሽን ይነካል? መልሱን አትቸኩዪበት። በሚቀጥለው ጊዜ ብቻ ልብ በዪ።

እንዲህ ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሩ የሰውነት ሕክምና ከቁስሉ አይጀምርም። ከደህናው ቦታ ይጀምራል። እዚያ ትንሽ ይቆያል፣ ወደሚያስፈራው ጥቂት ጠጋ ይላል፣ ተመልሶ ወደ ደህናው ይመጣል። መሄድና መመለስ ነው። የነርቭ ሥርዓትሽ በዚህ የሚማረው መመለስ እንደሚቻል ነው። ያ ሥልጠና ግን መመለሻውን ሳያሳይሽ ጥልቁ ውስጥ ጣለሽ። አንቺ መመለሻው አለሽ። ማበጠሪያውን በያዘው እጅሽ ውስጥ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንዲህ ብታደርጊ ደስ ይለኛል። መኪናውን ለጊዜው ተዪው። ቤት ውስጥ ጀርባው ጠንከር ያለ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ዓይንሽን አትጨፍኚ። ራስሽን ቀስ ብለሽ ወደ ግራ፣ ቀስ ብለሽ ወደ ቀኝ አዙረሽ ክፍሉን እዪው። በሩን እዪ፣ መስኮቱን እዪ፣ ቀለሞቹን እዪ። ከዚያ ቀኝ እግርሽን ወለሉ ላይ፣ ዛሬ አውቀሽ፣ ርገጪ። ጫን በዪው። ጭንሽ ሲጠነክር ይሰማሽ። ከዚያ በጣም፣ በጣም ቀስ ብለሽ ልቀቂው። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። ያን ቀን ሳይጨርስ የቀረውን እግር ዛሬ ጨርስ እንደማለት ነው። ስትለቂው ቃተት ብትዪ፣ ብትንቀጠቀጪ ወይም እንባ ቢመጣሽ አትደንግጪ፣ አታስገድጂውም እንዲመጣ። ምንም ባይመጣም ጉዳት የለውም። ሦስት ደቂቃ ሲሆን ተነሺ። ደህና ሆነሽ ሳለ ማቆም ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ትንሽ ልጨምር" ሲል ነው።

ትንፋሽ የግድ አይደለም። ለአንዳንዱ ሰው መድኃኒት ነው፣ ለአንዳንዱ ገና ጊዜው አይደለም። ከፈለግሽ አንድ ነገር ብቻ ሞክሪ። እንደ ወትሮው አየር ሳቢና ስታስወጪው በአፍንጫሽ "እምምም" እያልሽ አስረዝሚው። ትንፋሽ ስናስወጣ የልብ ምት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ሥራ ነው። ደረትሽ ላይ መንዘሩን መስማትም ይረዳል። ካስጨነቀሽ ወዲያው ተዪውና እጅሽን ለብ ባለ ውኃ ታጠቢ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትነቂም እንዲሁ አድርጊ። አልጋ ላይ ከሐሳብ ጋር አትታገዪ። እግርሽን ወለል ላይ አውርጂ፣ መብራት አብሪ፣ ያለሽበትን ክፍል እዪ፣ ምላስሽን ከላይኛው ትናጋሽ አላቅቂ። መንጋጋ ያን ጊዜ ላላ ይላል።

ይህ ከረጋልሽ በኋላ መኪናው ይመጣል። የቆመ መኪና፣ ሞተሩ የጠፋ፣ በሩ የተከፈተ። መጀመሪያ ከኋላ ወንበር። ሁለት ደቂቃ ተቀምጠሽ እግርሽን አውቀሽ ርገጪና ልቀቂ፣ ውጪ፣ ትንሽ ተራመጂ። ሲቀልልሽ በሩን ዝጊ። ሌላ ቀን ከፊት ተቀመጪ። ሞተሩ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። መቼ እንደምትወርጂ የምትወስኚው አንቺ ብቻ ነሽ። ባለቤትሽ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ስለ እሱ ብዙ አልልም። "እርሺው" የሚለው የሚያደርገው ሲያጣ ይመስለኛል። ሥራ ስጪው። "እንድረሳው አትንገረኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ አሥር ደቂቃ አብረኸኝ ተቀመጥ፣ ውረድ ስልህ ምንም ሳትጠይቅ ውረድ" በዪው። ምናልባት እሱም ይህን የመሰለ ቁርጥ ያለ ሥራ ሲጠብቅ ነበር።

አማካሪሽን አትተዪው። ጥሩ ሰው ነው ብለሻል፣ ያ በቀላሉ አይገኝም። ግን ስለ እግርሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ስለ ማበጠሪያውስ? ዜናውን ከማንበብሽ በፊት "ዛሬ ከታሪኩ ይልቅ ሰውነቴ ውስጥ ያለውን እያስተዋልን ብንቆይስ?" ብለሽ ጠይቂው። ኢ.ኤም.ዲ.አር ወይም ሌላ ለትራውማ የሚሰጥ ሕክምና ሠልጥኖ እንደሆነ፣ ካልሆነም ወደሠለጠነ ሰው ሊልክሽ ይችል እንደሆነ ጠይቂ። አዲስ ባለሙያ ጋ ከሄድሽ ሁለት ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። "መሃል ላይ ከከበደኝ ምን እናደርጋለን?" እና "በእጅ ትነካለህ ወይ? ትነኪያለሽ ወይ?" አንዳንድ የሰውነት ሕክምና መንካት አለበት። ያለ ፈቃድሽ፣ ሳይነገርሽ፣ ወይም "ካልነካሁሽ አትድኚም" ተብለሽ የሚደረግ መንካት ግን ሕክምና አይደለም። "አልፈልግም" ስትዪ ፊቱ የሚቀየር ባለሙያ ጋ አትመለሺ።

አንድ ነገር ደግሞ ሐኪም ጋ ይታይልሽ። ልብ መምታትና እንቅልፍ ማጣት ከታይሮይድ እጢ ችግርም ሊመጣ ይችላል። ከግጭት በኋላ አንገትና ትከሻ ሳይታወቅ ተጎድቶ ሊቆይ ይችላል። ጥርስሽንም እየነከስሽ ከሆነ የጥርስ ሐኪም የሌሊት መከላከያ ሊሠራልሽ ይችላል። ሁሉንም በትራውማ አናሳብብ። መሞት የሚያሰኝ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ይህን ሁሉ ልምምድ ተዪውና በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ተናገሪ፣ አቅራቢያሽ ወዳለ ሆስፒታልም ሂጂ።

ስለ ባልደረባሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ልተውልሽ። አልወቀሰችኝም ብለሻል። ስለዚያች ቀን እሷ ምን እንደምታስታውስ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? አሁን ጠይቂ አላልኩም። ትከሻሽ ወርዶ ሳለ፣ እሷም ፈቃደኛ ከሆነች፣ አንድ ቀን። አንቺ የምታስታውሺው እጅሽን ነው። እሷ ያስታወሰችው ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል።

እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ወይም ነገ፣ ልጅሽ ከፊትሽ ስትቀመጥ፣ ማበጠሪያውን ከማንሳትሽ በፊት ሁለቱንም እግሮችሽን ወለሉ ላይ አሳርፊ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው አበጥሪያት። ስትጨርሺ እጅሽ ሞቆ እንደሆነ ጻፊልኝ።